ጥያቄ ሰባት

«ከጉዳትዎ ወዲህ ሥራ ጀምረዋል ወይ?»
ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ አዎ፣ አንዱ አይ።
ከዚህ ሌላ ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ የለም፤
ቅጹን ያወጣሁት ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤
ድሬ በሯን ገርበብ አርጋ ጉንጯን ሞልታ ተቀምጣለች።
በዚህ ሰዓት በር አንኳኩቶ «ሥራ ላይ ነዎት?» የሚል
አበል የሚከፈለው እብድ ነው፤ ከተማዋ ታግሣለች።

ሮብሌ ዋይስ። መለያ ቁጥር ዜሮ አርባ አንድ።
ዕድሜውን ባቡር ጋራዥ፣ ቶርኖ ላይ የማገደ፤
አምና በሰው ወርክሾፕ፣ ቀበቶው በጥሶ ሲሄድ
ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ይዞበት ነጎደ።

«ጀምረዋል ወይ?» አልኩት።
«ጠዋት ጠዋት ሳቢያን እወርዳለሁ፣
እህቴ ልጅ ጋራዥ። ወንበር አለኝ።
ባጃጁን ያስነሡታል። እሰማለሁ።
‹ኩሽኔታው ነው› እላለሁ። ይፈቱታል።
ኩሽኔታው ነው።»
«ይከፍሉዎታል?»
«እሱን ተወው አቦ። ስፕሪስ ይገዙልኛል።»

ቅጹ «በክፍያ» ይላል። «ባለፉት ሰባት ቀናት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት።»
መመሪያውን ገለጥኩት፤ ስለ ስፕሪስ ምንም አልተጻፈበት።
እርሳሴ ከሁለቱ ሳጥን መሃል፣ በአየር ላይ ቀረች፤
የሽማግሌው ዓይን እሷን ተከትላ እዚያው ቆመች።

«በሁለት ቀዳዳ ነው ሰው የምትለካው?
እኔ ብረት ስለካ፣ ልጄ፣ በካሊፐር፣
ከፀጉር የቀጠነ ስሕተት ካገኘሁ
ሌሊቱን ሙሉ ስሞርድ አድር ነበር።
አሁን አንተ ይሄን ስትሞላ፣ ሥራ ላይ ነህ?»
ነኝ አልኩት። «እንዴት አወቅህ?» አለና ሣቀ።
እኔም ሣቅሁ፤ ግን ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

ዜሮ ስልሳ ሦስት፣ ኢፍቱ ቡሽራ፣ ከጨርቃ ጨርቁ፤
«ተመልሻለሁ» አለች፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ፣
«በሃያ አንደኛው ቀን።» ሳጥኑን ቶሎ ሞላሁ፤
አለቃዬ ይወዳል፣ እንዲህ ያለ መልስ።
ከዚያ በቀሚሷ ሥር ወገቧን የጠፈረችበትን
ነጠላ ነካ አድርጋ፣
«የተመለሰው እግሬ ነው» አለች፤ «ወገቤ ገና መንገድ ላይ ነው።
ክሩን የምታነሣልኝ አልጋነሽ ናት፤
የሷን ቋጠሮ ደግሞ እኔ እቋጥራለሁ።
ማሽኑ አያውቅም። ፎርማኑ ያውቃል፣
ግን ሚስቱ የአልጋነሽ እህት ናት።»
ምልክቱን አልደለዝኩትም። አዎ እንዳለ ቀረ።
የአንዷ ሥራ በሁለት ወገብ ከተሠራ
የተመለሰችው የትኛዋ ናት?
ይህን ለማንም አልጠየቅሁም።

አንድ ሰው ደግሞ ነበረ፣ ደቻቱ አሸዋ የሚጭን፤
በስድስተኛው ወር ጠየቅነው፤ አዎ አለ፣ አካፋውን ይዞ።
በሰባተኛው መንገድ ላይ አገኘሁት፤
ግድግዳ ተደግፎ፣ አካፋውን ሸጦ።
ጥናቱ ግን በስድስት ነው ያለቀው።
ደቻቱን በጥር የለካ ሰው
«ወንዝ አይደለም» ብሎ ይጽፋል፤
በነሐሴ ሌሊት ያገኘው ሰው ሌላ ይጽፋል፣
ከተረፈ።

ማታ ከቢሮ ተደወለ። መረጃ አስገቢዋ ናት።
«ዜሮ አርባ አንድ ላይ ሁለቱም ሳጥን ባዶ ነው፤
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ‹ኩሽኔታ› ይላል። ምንድን ነው?»
«ሥራው ነው» አልኳት።
«ኮድ የለውም።»
የቁልፎቹ ድምፅ ሁለቴ ተሰማኝ። ዘጠኝ። ዘጠኝ።
ዘጠና ዘጠኝ ማለት፣ መልስ ያልተገኘለት።

በማግሥቱ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከፊት ጎማው ያፏጫል፤
ልጁ ሬድዮውን ከፍ አደረገ እንዳይሰማው።
«ሳቢያን አንድ ሰውዬ አለ» አልኩት፣ «ወንበር ላይ ታገኘዋለህ።
ግን ጠዋት ሂድ፤
ጠዋት ነው ሥራ የሚገባው።»